ሰው ሳይሞት የተጫነ ፈረስ

ይህን ታሪክ እንጅባራ ውስጥ የማያውቅ ሰው ጥቂት ነው። የሚያውቁት ግን አብዛኞቹ እየሳቁ ነው የሚያወሩት። እኔ ስቄ አውርቼው አላውቅም። ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ ከእኔው አፍ ብትሰሙት ይሻላል።

ጊዜው 2007 ዓ.ም. ነው። ያኔ የሃያ አምስት ዓመት ሴት ነበርኩ፤ ስሜ ትርንጎ ይባላል። መናኸሪያው አጠገብ ባለች ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥሬ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ መታወቂያ ኮፒ አደርጋለሁ፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ እጠርዛለሁ። እንጀራዬ ይህ ነበር፤ ልቤ ግን ሥዕል ላይ ነበር። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ዓይነት አይደለም። ታሪክን በተከታታይ ሥዕል መንገር፣ ሰዎቹ የሚናገሩትን በአፋቸው አጠገብ በተሠመረ ክብ ውስጥ መጻፍ ነው የእኔ ነገር። ፈረንጆቹ ኮሚክ ይሉታል። እኛ ዘንድ ኮሚክ ሲባል የሚያስቅ ነገር ስለሚመስል፣ የከተማው ሰው ገጼን ከፍቶ ካነበበ በኋላ «ምኑ ነው ታዲያ የሚያስቀው?» እያለ ያደርቀኝ ነበር።

በእርሳስ ወረቀት ላይ እሥላለሁ፣ በሱቁ ማሽን ስካን አድርጌ ኮምፒውተር ላይ ቀለም እቀባለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ገጽ እለቃለሁ፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን በአንድ የውጭ አገር የኮሚክ ድረ ገጽ ላይ፣ በአማርኛ የተጻፈውን ደግሞ ፌስቡኬ ላይ።

የታሪኬ ጀግና ፈረሰኛ ነው። ከራሴ አላመነጨሁትም፤ ከአያ ቢረሳው ነው የቀዳሁት። አያ ቢረሳው ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ጥርባ በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ የሚኖሩ፣ ያኔ ሰባን የተሻገሩ ገበሬና ስመ ጥር ፈረሰኛ ነበሩ። የተዋወቅነው የመሬት ደብተራቸውን ኮፒ ሊያስደርጉ የመጡ ቀን ነው። ማሽኑ እስኪሞቅ ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ሥዕል አዩና፣

«ልጄ፣ ይቺ በቅሎ የማን ናት?» አሉኝ።

«ኧረ ፈረስ ነው አያ!»

«እንግዲያማ ጆሮውን አሳጥሪዋ። ይህን ጆሮ ይዞ ፈረስ ነኝ ቢል ፈረሶች ይስቁበታል።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ገበያ በወጡ ቁጥር ደጃፋችን ላይ ካለችው አግዳሚ ይቀመጣሉ። ፈረስ ሲቆጣ አንገቱ የት ላይ እንደሚታጠፍ፣ ሲደክመው የትኛውን እግሩን እንደሚያሳርፍ፣ ሁሉንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ቦቃ የሚባል፣ ግንባሩ ላይ ነጭ የወረደበት ዳማ ፈረስ ነበራቸው። በጥር የፈረስ በዓል ላይ ቦቃን ሲጋልቡ ያላየ የአገሩ ሰው የለም ብል ብዙ አላጋነንኩም።

ስለ አንድ ነገር ብቻ አያወሩም፤ ስለ ልጃቸው። ያንን የነገረችኝ የእህታቸው ልጅ እትዬ ስንዱ ናት፤ ቤታቸውን የምትይዝላቸው እሷ ነበረች። ያየህ የሚባል አንድ ልጅ አላቸው፤ ዳንግላ ውስጥ የመኪና መካኒክ ነው። እናቱ የሞተች ጊዜ ለሥራ ቆላ ወርዶ ነበርና በስልክ ቢፈለግ አልተገኘም። መርዶው ደርሶት ሲመጣ እናቱ ከተቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነበር። አያ ቢረሳው በሐዘንና በንዴት፣ ድንኳን ሙሉ ሰው ፊት «እናትህን ያልቀበርክ፣ እኔም ስሞት እንዳትመጣ!» አሉት። ልጁ ወጥቶ ሄደ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ? አባት ቃሉን መመለስ አፈረ፣ ልጅ ቃሉን መሻር ፈራ፤ ስድስት ዓመት እንደዚሁ አለፈ። ዳንግላ እኮ በሚኒባስ አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው።

በዚያው ሰሞን የድረ ገጹ አዘጋጅ የሆነች ሴት ጻፈችልኝ። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ያሰበችውን ሳትደብቅ ነበር የምትነግረኝ። እነሱ አገር የኮሚክ ሥራ ታሟል አለችኝ። በየወሩ የሚወጡት ቀጫጭን መጽሔቶች የሚሸጡት በልዩ ሱቆች ነው፤ ሱቆቹ ደግሞ አንድ በአንድ እየተዘጉ ነው። ትልልቆቹ አሳታሚዎች በአያቶቻቸው ዘመን የተፈጠሩ ጀግኖችን እያገላበጡ ይሸጣሉ። ጀግናው የኩባንያው ንብረት ነው፤ ከፈጠሩት ሰዎች ብዙዎቹ ባዶ እጃቸውን አልፈዋል። ገበያ ሲቀዘቅዝ ጀግናውን ይገድሉታል፤ ሰው ተንጋግቶ ይገዛል። በዓመቱ ደግሞ ያስነሱታል፤ አሁንም ሰው ተንጋግቶ ይገዛል። «አንባቢዎቻችን ሞት አያስደነግጣቸውም፤ እንደሚመለስ ያውቁታል» ብላ ጻፈች። ለዚህ ነው አዲስ ታሪክና አዲስ ሰው ከኢንተርኔት የምንፈልገው አለችኝ።

ይህን ሁሉ ነግራኝ ስታበቃ መልሳ ያንኑ መከረችኝ። በስልክ የሚያነብ ሰው ትዕግሥት የለውም፤ የገጹ መጨረሻ ጉሮሮውን ሊይዘው ይገባል። ፈረሰኛሽ የሞተ ይምሰል። በቃል አትንገሪን፤ በሥዕል ብቻ አሳዪን። ይህ ገጽ አንባቢውን አንጠልጥሎ ካቆየ ከቋሚ ሠዓሊዎቻችን አንዷ ትሆኛለሽ።

ቋሚ ሠዓሊ! እኔ ከቆሰበር፣ ከዚችው ከእንጅባራ! ሳምንቱን ሙሉ እግሬ መሬት የሚነካ አይመስለኝም ነበር።

በእኛ አገር ስም ያለው ፈረሰኛ ሲሞት ፈረሱ በሙሉ ጌጡ ይጫናል፤ ካባው ኮርቻው ላይ ይጣላል፤ አንድ ሰው ልጓሙን ይዞ በለቅሶው መሃል ይስበዋል። ፈረሱ ባዶ ኮርቻ ተሸክሞ ሲያልፍ ማንም ምን ሆነ ብሎ አይጠይቅም። እኔ ከተማ ያደግሁ ነኝ፤ ወላጆቼ ከደጋ ዳሞት የመጡ ናቸው፤ የአካባቢውን የአገው ቋንቋ፣ አውኝኛን፣ ከሰላምታ አልፌ አላውቅም። እንዲህ ያለ ለቅሶ ሁለት ጊዜ ከአስፋልቱ ዳር ቆሜ አይቻለሁ። ያየሁት ግን እንደ ሠዓሊ ነው፤ ቀዩ ጌጥ፣ ያዘነ የሚመስለው የፈረሱ ዓይን፣ ባዶው ኮርቻ። ምን ያህል ያምራል ብዬ ነው ያለፍኩት። አሁን ሥዕል ሲያስፈልገኝ እሱው መጣልኝ፤ የአገሬ ሰው ሲያየው ምን እንደሚል አንዴም አልጠየቅሁም።

ፈረሱን ከስልኬ ላይ ካለው የቦቃ ፎቶ ገለበጥኩት። የግንባሩን ነጭ፣ የኮርቻውን ጌጥ፣ የአያ ቢረሳውን ካባ ሳይቀር። ከዚያ በፊት በገጾቼ ላይ የነበረው ፈረስ ቦቃን ቢመስልም ቦቃ አልነበረም፤ ይሄኛው ግን ራሱ ቦቃ ነበር። በሥራዬ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጀመሪያ የእንግሊዝኛውን ለቀቅሁ፤ ከዚያ ፌስቡክ ላይ ሥዕሉን ጫንኩ። ሁልጊዜ ከሥዕሉ ግርጌ «የሥዕል ታሪክ» ብዬ የክፍሉን ቁጥርና «ይቀጥላል» የሚለውን እጽፋለሁ። ያን ቀን ቸኮልኩና ሥዕሉ ይቅደም፣ ጽሑፉን እጨምራለሁ አልኩ። ሥዕሉ እንደወጣ ኔትወርክ ጠፋ። ትንሽ ጠበቅሁ፤ አልመጣም። ነገ እጽፈዋለሁ ብዬ ሱቁን ዘግቼ ቤቴ ገባሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኔ እንኳ እንደፈሰሰ ያወቅሁት በማግሥቱ ነው።

እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ወጥቶ በመናኸሪያው በኩል ሳልፍ ነጠላቸውን ለሐዘን ያዘቀዘቁ ሴቶች ከአዲስ ቅዳም ሚኒባስ ሲወርዱ አየሁ። አንዷ ገና እግሯ መሬት ሳይነካ ማልቀስ ጀምራለች። የለቅሶ ነገር ነውና ጠጋ ብዬ «እናቴ፣ ማን ሞቶ ነው?» አልኳት።

«ቢረሳው ነዋ! አልሰማሽም እንዴ? ኧረ ያ አንበሳ!»

«አያ ቢረሳው? መቼ?»

«ትናንት ነው መሰል። ፈረሱ ሲሳብ በስልክ አየነው እኮ። ማታውኑ ብንደውል ስልኩ አይሠራም።»

አጠገቧ ያለችው ሴት ስልኳን አውጥታ አሳየችኝ። ሥዕሌ ነበር። ከላዩ የእኔ ስም፣ ከሥሩ ምንም። ካካፈሉት ሰዎች አንዱ «ነፍስ ይማር» ብሎበታል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ነፍስ ይማር፣ ነፍስ ይማር ነው። እኔ ከአያ ቢረሳው ጋር ምን ያህል እንደምቀራረብ ሰው ያውቃል። ፈረሳቸውን ተጭኖ እየተሳበ ካሳየሁ፣ ምን የሚጠረጠር ነገር አለ?

ከእንጅባራ ውጭ ያለው ሰው ሁሉ ሥዕሉን አይቷል፤ እኛ ጋ ኔትወርክ ስለሌለ ደውሎ የሚያረጋግጥበት የለም። ለሴቶቹ አንድም ቃል ሳልተነፍስ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። ሾፌሩን «ብረር!» ስለው «ምን ሆነሻል?» አለኝ።

ስደርስ ግቢው በሰው ሞልቷል። አያ ቢረሳው በሰዎቹ መሃል ቆመው አገኘኋቸው። በኋላ እትዬ ስንዱ እንደነገረችኝ፣ የመጀመሪያዎቹ ለቀስተኞች እያለቀሱ ሲገቡ እሳቸው ከበረት ወጥተው፣ ክንዳቸውን ደረታቸው ላይ አጣጥፈው «ማን ሞተብን?» ብለው ከሰዎቹ ጋር ሊያለቅሱ ተሰልፈው ነበር። አንዲት ሴት ፊታቸውን ስታይ እሪ ብላ ወደቀች። ከዚያ በኋላ አንዳንዱ ያማትባል፣ አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ማነው እንዲህ የቀለደብን ብሎ ይቆጣል።

እኔ አጥሩ ጥግ ተሸሸግሁ። እውነቱን ልናገር፤ ተመልሼ ልሄድ ነበር። እትዬ ስንዱ ናት ያየችኝ።

«ትርንጎ! ነይ እስቲ፣ አንቺ ነሽ ይላሉ፤ እውነት ነው?»

ወደ መሃል ገባሁ። ስልኬ ላይ ያለውን ሥዕል ከፍቼ ለአያ ቢረሳው ሰጠኋቸውና «እኔ ነኝ አያ፤ ሳላስብ ነው» አልኳቸው። ስልኩን ከዓይናቸው ራቅ አድርገው ይዘው ብዙ ጊዜ አዩት።

«ቦቃ ነው» አሉ። «ጆሮውም አሁን ልክ መጥቷል። ሰውየውስ?»

«ሞቷል አያ። ማለቴ... የሞተ እንዲመስል ነው እንጂ አልሞተም። በሚቀጥለው ሳምንት ይመለሳል። ፈረንጆቹ እንዲህ ነው የሚያደርጉት፤ ጀግናውን ይገድሉትና መልሰው ያስነሱታል።»

«ለምን?»

«ሰው እንዲያነብ።»

«እሱን ብለው የሚያለቅሱትስ?»

«የሚያለቅስ የለም፤ እንደሚነሳ ያውቃሉ።»

ስልኩን መለሱልኝ። «የእኛ ሰው ይህን አያውቅም፣ ልጄ» አሉኝ፤ ዙሪያውን የቆመውን ሰው እያዩ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ኔትወርኩ የተመለሰው በዚህ መሃል ነው። የሰዉ ስልክ በያለበት ይጮኽ ጀመር። እትዬ ስንዱ አንዱን አነሳችና ሰምታ ስትጨርስ ፊቷ ተለዋወጠ። «አያ፣ ያየህ ሰምቷል» አለች። «ከዳንግላ በጠዋት ተነስቷል። አሁን እዚህ ሊደርስ ነው። ልደውልለት?»

አያ ቢረሳው የለበሱትን ጋቢ ጫፍ በጣታቸው ሲያፍተለትሉ ቆዩና «ተይው» አሉ። «ማንም እንዳይነግረው።»

«ኧረ አያ፣ ኃጢአት ነው!»

አያ ፈንቴ የሚባሉ የልጅነት ጓደኛቸው ከሰዉ መሃል ወጡ። «ቢረሳው፣ በለቅሶ አይቀለድም» አሏቸው።

«እየቀለድኩ አይደለም ፈንቴ። ያን ቀን አፌ ያወጣውን አንተም ሰምተሃል። ስሞት አትምጣ አልኩት። ስድስት ዓመት ሙሉ ቃሌን ይዞ ይቀር ይሆን፣ ይመጣ ይሆን እያልኩ ነው የኖርኩት። ሞቼማ ይህን ማወቅ አልችልም። ዛሬ ልወቀው።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ፣ በሥዕል የጫንሽውን ፈረስ አሁን በእጅሽ ጫኚ» አሉኝ። ገብተው በሩን ዘጉ።

ምን ማድረግ ነበረብኝ? እምቢ ማለት ነበረብኝ። ግን አጥፊ ሰው እምቢ የሚልበት አፍ የለውም፤ ቢያንስ እኔ አልነበረኝም። ከአያ ፈንቴ ጋር ቦቃን ከበረት አወጣነው። ኮርቻውን አደረግንበት፣ ጌጡን አሰርን፣ ካባውን ጣልንበት። መታጠቂያው ሁለቴ አመለጠኝ። ልጓሙን ያዝኩ። ከለቀስተኞቹ ጥቂቶቹ አማትበው ወጥተው ሄዱ። የቀሩት መሬት መሬት እያዩ ቆሙ። ከሥዕሉ የቀረ ምንም ነገር አልነበረም፤ ልጓሙን የያዘው ሰው ብቻ ተቀይሯል።

ያየህ ብቻውን መጣ። የሥራ ቱታውን እንኳ አልቀየረም፤ ጥቁር ዘይት የጠጣ እጁ እንዳለ ነው። በሩ ላይ ሲደርስ ቦቃን አየና ቆመ። ማንንም ሰላም ሳይል መጥቶ አንገቱን አቀፈው፤ ግንባሩን ጋማው ውስጥ ቀበረ። መጀመሪያ በአውኝኛ ነበር የሚያለቅሰው፤ እኔ አልገባኝም። አጠገቤ የቆመችው እትዬ ስንዱ ግን አፏን በነጠላዋ ይዛ ታነባ ነበር። በኋላ ወደ አማርኛ ተመለሰ።

«አባቴ፣ አትምጣ ብለኸኝ መጣሁልህ! በየዓመቱ በጥር በዓል እየመጣሁ ከሰው ኋላ ቆሜ ሳይህ ነበር። ስትጋልብ አጨበጨብኩልህ፤ አላየኸኝም። ልጥራህ እላለሁ፣ አፌ ይታሰራል። ዘንድሮስ ፊትህ እቆማለሁ፣ የፈለግኸውን በለኝ ብዬ ነበር። ቀደምከኝ አባቴ፣ ቀደምከኝ!»

እኔ ከእሱ አንድ ክንድ ርቄ ልጓም ይዤ ቆሜአለሁ። አንድ ቃል ቢወጣኝ ያ ሁሉ ለቅሶ ይቆም ነበር። አልወጣኝም። ሥዕሉን ሳላስብ ነው የለቀቅሁት፤ እዚያ ዝም ብዬ የቆምኩት ግን እያወቅሁ ነው። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄኛው ነው።

በሩ ተከፈተ። አያ ቢረሳው ክንዳቸውን ዘርግተው ወጡ፤ ፊታቸው በእንባ ርሷል። «ልጄ፣ አለሁ። አልሞትኩም» አሉት።

ደስ ብሎት ይጠመጠምባቸዋል ብዬ ነበር። ሁላችንም እንደዚያ ያልን ይመስለኛል። ያየህ ግን ወደ ኋላ ሸሸ። አባቱን አየ፣ ፈረሱን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ በዙሪያው ያለውን ሰው ፊት አንድ በአንድ አየ።

«ሁላችሁም ታውቁ ነበር?» አለ።



«እናቴ ስትሞት የሚነግረኝ ሰው አጣሁ» አለ፤ ድምፁን አልጨመረም። «ዛሬ ደግሞ ላልሞተ ሰው አቁማችሁ አስለቀሳችሁኝ። እኔ ለእናንተ ምናችሁ ነኝ?»

ዞሮ ወጣ። አያ ቢረሳው የዘረጉት ክንድ እንደተዘረጋ ቀረ። እትዬ ስንዱ «ያየህ! ያየህ!» እያለች ተከተለችው፤ አልተመለሰም። ሽማግሌው የበሩን መቃን ደግፈው ጥቂት ቆዩ። ከዚያ ወደ ቦቃ መጡና ካባውን ከኮርቻው ላይ ስበው ጣሉት።

«ቢረሳው፣ የለቅሶ ጭነት እኮ ነው! እንዴት ትወጣበታለህ?» አሉ አያ ፈንቴ።

«ሟቹ እኔ፤ ፈረሱም የእኔ» አሉ። ልጓሙን ከእጄ ነጠቁኝና በዚያ ዕድሜያቸው እርካቡን ረግጠው ወጡ። እኛ በእግራችን ከኋላ ሮጥን።

ያየህ አስፋልቱ ዳር ቆሞ ሚኒባስ ይጠብቃል። ፊቱን ወደ መንገዱ፣ ጀርባውን ወደ እኛ አዙሯል። ኮቴውን ሰምቷል፤ ግን አልዞረም። አያ ቢረሳው ከፈረሱ ወረዱ። የመንገዱ ዳር እንደ አገራችን ሁሉ ጥቁር ድንጋይ የሞላበት ነው። ጎንበስ ብለው አንዱን መረጡ፤ ትንሹን አልነበረም። በሁለት እጃቸው አንስተው ማጅራታቸው ላይ አደረጉትና ከልጃቸው ጀርባ አጎንብሰው ቆሙ።

ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ መለመን ሁላችሁም የምታውቁት ነው። ልጅ አባቱን አስቀይሞ ይሸከማል፤ ደም ያለበት ሰው በሟች ዘመዶች ፊት ይሸከማል። አባት ለልጁ ሲሸከም ግን አይቼም ሰምቼም አላውቅም። ከኋላዬ የነበረው ሰው ሁሉ እዚያው ባለበት ቀጥ አለ።

«ያየህ» አሉ፤ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ። «ያስለቀስኩህ እኔ ነኝ እንጂ ይቺ ልጅ አይደለችም። ያን ቀንም እኔ ነኝ፣ ዛሬም እኔ ነኝ። እናትህን ስላልቀበርክ አልነበረም፤ ብቻዬን ስለቀበርኳት ነው የጮኽኩብህ። ማረኝ።»

ልጁ ዞረ። አባቱን እንደዚያ ሆነው ሲያያቸው ከጉሮሮው የወጣውን ድምፅ ልጽፈው አልችልም።

«ኧረ አባባ! ያውርዱት! በእግዚአብሔር ይዤዎታለሁ፣ ያውርዱት!»

«ማርኩ በል።»

«ምሬያለሁ አባባ፣ ምሬያለሁ! እኔን ይማሩኝ!»

ድንጋዩን በሁለት እጁ ከማጅራታቸው ላይ አነሳው። ካነሳው በኋላ የት እንደሚያደርገው ጠፋው መሰለኝ፣ ደረቱ ላይ አስጠግቶ እንደ ሕፃን ታቅፎት ቆመ። ሽማግሌው ቀስ ብለው ቀና አሉና እጃቸውን ትከሻው ላይ አሳረፉ። ሚኒባሱ መጥቶ ጡሩንባውን ነፋ፤ የሚሳፈር ሲያጣ አለፈ። ለቀስተኛው ያመጣውን ዳቦና ንፍሮ ያን ቀን አብረን በላነው።

ሰኞ ጠዋት የአዘጋጇ መልእክት ጠበቀኝ። እስከ ዛሬ ከሠራሽው ሁሉ የበለጠው ይህ ገጽ ነው፣ አንባቢው ፈረሰኛው የት ደረሰ እያለ ነው፤ ሁለት ወር እንዳታስነሺው አለችኝ። እኔ በዚያው ሳምንት አስነሳሁት። ቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ኮርቻ ሲጠግን ሣልኩትና «የሞተ ሰው የለም» ብዬ በትልቁ ጻፍኩበት። አሰልቺ ገጽ ነበር፤ ቋሚ ሠዓሊነቱም በዚያው ቀረ። ሴትዮዋን አልተቀየምኳትም። ከሁለት ዓመት በኋላ ድረ ገጹ ራሱ ተዘጋ፤ ገጾቻችንም አብረው ጠፉ። እሷም ከሥራ ወጥታ ቤቷ ሆና የራሷን ኮሚክ እንደምትሥል ጽፋልኛለች። እኔ ከዚያ ወዲህ የምሠራውን በሱቁ ማሽን እያባዛሁ በስቴፕለር እመታለሁ፤ ኢንተርኔት ላይ የማወጣውንም ቢሆን መጀመሪያ ለሚመለከተው ሰው ሳላሳይ አልለቅም። አያ ቢረሳው የእያንዳንዱን ገጽ ፈረስ እግር ሳይቆጥሩ አያሳልፉኝም ነበር።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ የሆነ ነገር የምትሥሉ ወይም የምትጽፉ ካላችሁ፣ ሌላ አገር የተሠራ ዘዴ አትጠቀሙ አልላችሁም። እኔም ብዙውን የተማርኩት ከእነሱ ነው። እነሱ የሞተው እንደሚነሳ እያወቁ ያነባሉ፤ እኛ ግን ባዶ ኮርቻ ስናይ ነጠላችንን አዘቅዝቀን መንገድ እንጀምራለን። የምታሳዩት ለማን እንደሆነ ሳታውቁ አትልቀቁ፤ ከለቀቃችሁም በኋላ አጥሩ ጥግ አትሸሸጉ። እኔ ሁለቱንም አድርጌያለሁና ነው የምነግራችሁ።

አባትና ልጅ አራት ዓመት አብረው አሳለፉ። ያየህ በየሳምንቱ እሑድ ይመጣ ነበር፤ ሁለት ጊዜ በጥር በዓል ቦቃን ራሱ ጋልቦታል።

በ2011 ዓ.ም. አንድ ጠዋት ሱቁን ስከፍት ስልኬ ጠራ። ያየህ ነበር።

«ትርንጎ፣ አባባ ንጋት ላይ አረፉ» አለኝ። «ለሰው ስደውል አላምን አለኝ። ሥዕል ነው ወይስ እውነት ይሉኛል። አንቺ ንገሪልኝ።»

ሱቁን መልሼ ዘጋሁ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ በእግሬ ከቤት ወደ ቤት ሄድኩ። በየደጃፉ የሚወጣው ሰው አንድም ጥያቄ አልጠየቀኝም፤ እኔ ራሴ በሩ ላይ መቆሜን ሲያይ አመነ። አያ ፈንቴ ጋ ስደርስ ከደጃቸው ተቀምጠው ነበር። ቀና ብለው አዩኝና ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«እውነት ነው አያ» አልኳቸው፤ ቃሉ የወጣኝ እዚያ ነው።